የካትማንዱ ሸለቆ በዓላትና የሚሸከሟቸው ሰዎች

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ደክማችሁ መጥታችሁ እዚህ በመቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኔፓል በዓላት ነው። ኔፓል ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ኤቨረስት ነው። ተራራውን ለጊዜው እንተወው። ኳታር፣ ዱባይ ወይም ኩዌት ሠርታችሁ የምታውቁ ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። እንደኛ ልጆች ቤተሰብ ሊረዱ፣ ቤት ሊሠሩ፣ ታናናሾቻቸውን ሊያስተምሩ የሄዱ ናቸው። መስከረም ሲጠባ ሁሉም ፈቃድ የሚጠይቀው ባንድ ጊዜ ነው። ዳሻይን የሚሉት ትልቁ በዓላቸው ይመጣልና። ፈቃድ ያላገኘው ስልኩን ይዞ የእናቱን ድምፅ እየሰማ ይውላል። ይሄ ስሜት ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም።

እግረ መንገዴን ልናገርና፣ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሂማላያ ሃይማኖቶች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነገር ነገር አለ። «ሂንዱውና ቡድሂስቱ በሰላም ጎን ለጎን ይኖራሉ» ይባላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ነገሩን ያሳንሰዋል። ጎን ለጎን መኖር ብቻ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ የራሱን በዓል አክብሮ ቤቱ ይገባ ነበር። በካትማንዱ ሸለቆ ግን ብዙዎቹ ትልልቅ በዓላት የጋራ ናቸው፤ የተከፋፈለው ሥራው ነው። አንዱ እንጨት ይጠርባል። አንዱ ገመድ ያስራል። አንዱ ጸሎት ያደርሳል። አንዱ ጎማ ሥር ገብቶ ሠረገላውን ያቆማል። ከነዚህ አንዱ ከቀረ በዓሉ አይወጣም። እነዚህን በዓላት ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆያቸው ይሄ እርስ በርስ መፈላለግ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገውም እሱን ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ። የካትማንዱ ሸለቆ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ ለም መሬት ነው። ዛሬ ዋና ከተማው ሸለቆውን ሞልቶታል። ድሮ ግን ሦስት መንግሥታት ነበሩበት፤ ካትማንዱ፣ ፓታን እና ባክታፑር። ሦስቱንም የማላ ነገሥታት ይገዟቸው ነበር። የሸለቆው ነባር ሕዝብ ነዋር ይባላል። ከነዋሮች ውስጥ ሂንዱም አለ፣ ቡድሂስትም አለ። ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ምግባቸው አንድ ነው፣ ከበሯቸውም አንድ ነው። በአገር ደረጃ ስናየው በ2021 ቆጠራ ከኔፓል ሕዝብ 81 በመቶ ያህሉ ሂንዱ፣ 8 በመቶ ያህሉ ቡድሂስት ነው። ይሄን ቁጥር ይዛችሁ ሸለቆው ውስጥ ብትገቡ ግን ብዙም አይጠቅማችሁም። አንዲት እናት ጠዋት ለሂንዱው አምላክ ለጋኔሽ አበባ አድርሳ ሲመሽ በቡድሃው ስቱፓ፣ ጉልላት በሚመስለው መቅደስ፣ ዙሪያ መብራት ታበራለች፤ ይሄን እንደ ተቃርኖ የሚያይ ጎረቤት የላትም።

አሁን ወደ ፓታን እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የምወደው በዓል ይሄ ነው።

ራቶ ማቺንድራናት ይባላል። ራቶ ቀይ ማለት ነው፤ የአምላኩ ፊት ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። የዝናብና የእህል ጌታ ነው ይሉታል። ለቡድሂስቶች እሱ አቫሎኪቴሽቫራ ነው፣ የርኅራኄ አካል። ካሩናማያ እያሉ ይጠሩታል። ለሂንዱዎች ደግሞ ማትስየንድራናት ነው፣ የታላቁ ዮጊ፣ የሂንዱ ባሕታዊው የጎራክናት መምህር። የቡንጋማቲ መንደር ሰዎች ቡንጋ ድያ ይሉታል፣ የቡንጋ አምላክ እንደማለት። ምስሉ አንድ ነው። ካህናቱ ቡድሂስት ነዋሮች ናቸው። ገመዱን ለመሳብ የሚመጣው ሕዝብ ግን ሁሉም ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጎራክናት አንድ ጊዜ ወደ ሸለቆው መጣ። ምጽዋት ቢጠይቅ የሚሰጠው አጣ። ተቆጣና ዝናብ የሚያመጡትን እባቦች፣ ናጋዎቹን፣ ሰብስቦ በላያቸው ላይ ተቀመጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ዝናብ ጠፋ። ሕዝቡ አለቀ። እሱን ከተቀመጠበት የሚያስነሳው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ፤ መምህሩ። መምህሩ ደግሞ ሩቅ አገር፣ ዛሬ አሳም በምንለው በካማሩፓ ነው ያለው። ስለዚህ ሦስት ሰዎች መንገድ ጀመሩ። ንጉሥ ናሬንድራ ዴቫ፣ ባንዱዳታ የሚባል የቡድሂስት ካህን እና አንድ ገበሬ። ንጉሡ ከባክታፑር፣ ካህኑ ከካትማንዱ፣ ገበሬው ከፓታን ነበሩ ይባላል። አምላኩን ይዘው ተመለሱ። ጎራክናት መምህሩን ሲያይ ሊሰግድለት ብድግ አለ። እባቦቹ አመለጡ። ዝናቡም ወረደ።

የታሪኩን አሠራር ልብ በሉልኝ። ከሦስቱ ከተሞች አንድ አንድ ሰው አለ። ንጉሥ፣ ካህንና ገበሬ አሉ። ንጉሡ ብቻውን ሄዶ አያመጣውም፤ ካህኑም ብቻውን አይችልም። ተቆጥቶ ዝናብ የሚይዘው የሂንዱ ዮጊ ነው፣ መፍትሔ ፍለጋ የሚሄደው የቡድሃ ካህን ነው፣ ሸክሙን የሚችለው ገበሬ ነው። ዛሬ በዓሉ የሚሠራውም ልክ በዚሁ መንገድ ነው።

በዓሉ የሚጀምረው በሚያዝያ አካባቢ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ፓታን ውስጥ ፑልቾክ በሚባል ሰፈር ሠረገላው መሠራት ይጀምራል። ቁመቱ 18 ሜትር ያህል ነው፤ ባለ አምስት ወይም ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። ከታች ከባድ እንጨት አለው፣ አራት ግዙፍ ጎማዎች አሉት፣ ጎማዎቹ ላይ ዓይን ተሥሎባቸዋል። ከላይ ያለው ማማ ግን እንጨትና ቀርከሃ በሐረግ ገመድ ተጠላልፎ የተሠራ ነው። እንጨቱን የሚጠርቡት ባራሂ የሚባሉት ወገኖች ናቸው። ማማውን እየወጡ ሐረጉን የሚያስሩት ያንግዋል ይባላሉ። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ስንት ዙር እንደሚታሰር፣ የትኛው ሐረግ የት እንደሚገባ ልጁ የሚያውቀው ከአባቱ ሥር ሆኖ ሲሠራ በማየት ነው።

ሠረገላው ሲሄድ ማማው ይወዛወዛል። አንዳንዴ ወደ ቤቶቹ ጣራ እየተጋደመ ያልፋል። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ረጃጅም ገመድ ይዞ «ሆስቴ! ሃይንሴ!» እያለ ይስባል። ጎማዎቹ ሥር ደግሞ ጥቂት ወንዶች አሉ። እንጨት እየወረወሩ የጎማውን አቅጣጫ ያስተካክላሉ፣ ሲያስፈልግም ያቆሙታል። ሥራቸው አደገኛ ነው፤ አንድ እግር ቢያንሸራትት የሚተርፍ ነገር የለም። ማማው ከወደቀ ደግሞ ለአገር ክፉ ምልክት ነው ተብሎ ስለሚታመን የዕርቅ ጸሎት ይደረጋል፣ እንደገናም ይሠራል።

ጉዞው በአንድ ቀን አያልቅም። ከሰፈር ሰፈር እየቆመ ሳምንታት ይፈጃል። ሠረገላው ባደረበት ሰፈር ያሉ ቤተሰቦች ዘመድ ጠርተው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ላጋንኬል ሲደርስ ከማማው ጫፍ ኮኮናት ይወረወራል፤ የያዘው ሰው ወንድ ልጅ ያገኛል ይባላል። ከላጋንኬል ወዲያ ደግሞ ሴቶች ብቻ የሚስቡት ክፍል አለ። በመጨረሻ ጃዋላኬል ላይ ቦቶ ጃትራ፣ የቦቶ በዓል እንደማለት፣ ይመጣል። ቦቶ ማለት እጅ የሌለው ሰደርያ ነገር ነው፣ ጥቁርና በዕንቁ ያጌጠ። አንድ ገበሬ የእባቦቹን ንጉሥ ሚስት ዓይን ፈውሶ በሽልማት ያገኘው ልብስ ነው ይላሉ። ኋላ ተሰረቀበት። ሌባው እዚሁ በዓል ላይ ለብሶት ሲመጣ ገበሬው ያዘው። ሁለቱም «የእኔ ነው» አሉ። ማስረጃ ግን ማንም አላቀረበም። እንግዲያውስ ማስረጃ እስኪመጣ አምላኩ ጋ በአደራ ይቀመጥ ተባለ። እስካሁንም ማስረጃ ይዞ የመጣ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ባለሥልጣን ሠረገላው ላይ ወጥቶ ልብሱን በአራቱም ማዕዘን ለሕዝብ ያሳያል። ድሮ ንጉሡ ቆሞ ያይ ነበር፤ ዛሬ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ያያል። ያልተፈታ ክርክር በየዓመቱ በአገር መሪ ፊት በአደባባይ ይቀርባል። ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከዚያ አምላኩ ወደ ቡንጋማቲ ይሄዳል። ስድስት ወር ቡንጋማቲ፣ ስድስት ወር ፓታን ነው የሚኖረው። በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ደግሞ ሠረገላው ራሱ ቡንጋማቲ ላይ ይሠራና እስከ ፓታን ድረስ ይሳባል። መንገዱ ዳገት አለው፣ ወንዝም መሻገር አለበት። በ2015 ያ ዓመት ነበር። ሠረገላው መንገድ ላይ እያለ ሚያዝያ 25 ቀን 7.8 የሚለካው ርዕደ መሬት መጣ። በአገሪቱ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። የቡንጋማቲው ቤተ መቅደስ ፈረሰ። ጉዞው ለወራት ተቋረጠ። በኋላ ግን ሰዎቹ ተመልሰው ገመዱን ያዙ። ቤታቸው የፈረሰ፣ ዘመድ የቀበሩ ሰዎች ናቸው። አምላኩ መንገድ ላይ አይቀርም አሉ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ ሥርዓት ባለው መንገድ አይሄድም። በ2020 በኮቪድ ምክንያት መንግሥት በዓሉን ከለከለ። ሠረገላው ፑልቾክ ላይ ተሠርቶ ለወራት ቆመ። መስከረም 3 ቀን ሕዝቡ ወጥቶ መሳብ ጀመረ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። ድንጋይ ተወረወረ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ኮቪድን አቅልሎ ማየት ትክክል አልነበረም። ሆኖም የሰዎቹ ጭንቀት እንዲሁ ግትርነት አልነበረም። ይሄ አምላክ ካልወጣ ዝናቡ ይጠፋል ተብሎ ነው ያደጉት።

ይህን ሁሉ ማን ይከፍላል? እንጨቱ፣ ሐረጉ፣ ዘይቱ፣ የካህናቱ ምግብ፣ የከበሮ መቺዎቹ ግብዣ ከየት ይመጣል? መልሱ ጉቲ ነው። ጉቲ መሬት ያለው ዕድር ብላችሁ ልታስቡት ትችላላችሁ። አንድ ሰው ወይም አንድ ንጉሥ ለአንድ አምላክ አገልግሎት መሬት ይሰጣል። የመሬቱ ገቢ ለዚያ ሥራ ይውላል። አባላቱ ደግሞ በየተራ ግዴታ አለባቸው። ዘንድሮ የመብራቱ ተራ የእኔ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንተ ነው። ቀብርም የሚቀብሩት በጉቲ ነው። ከጉቲ የወጣ ነዋር እንደ ብቻውን ሰው ነው የሚቆጠረው።

በ1964 መንግሥት ብዙውን የጉቲ መሬት በአንድ የመንግሥት ተቋም ሥር አደረገው። ከዚያ ወዲህ የመሬቱ ገቢ እየሳሳ ሄደ፤ ብዙ ትናንሽ በዓላት ሰው ቢኖራቸውም ዘይት የሚገዛላቸው አጥተው ጠፉ። በ2019 ደግሞ መንግሥት የጉቲን ሕግ የሚለውጥ ረቂቅ አመጣ። ነዋሮቹ መሬታችንንና በዓላችንን ልትወስዱብን ነው ብለው ተነሡ። በዚያ ዓመት ሰኔ 19 ቀን ካትማንዱ ውስጥ ማይቲጋር የሚባለው አደባባይ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሰው ተሞላ። ከበሮ ይዘው፣ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው ነው የወጡት። ሂንዱውና ቡድሂስቱ አብሮ ነበር። መንግሥት ረቂቁን መለሰ።

ለዚህ ነው ስለ በዓል ስናወራ ስለ ጭፈራው ብቻ ማውራት አይበቃም የምለው። መሬቱ ከተነካ ጭፈራው ሁለት ትውልድ አይቆይም።

ካትማንዱ ከተማ ውስጥ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ኢንድራ ጃትራ አለ። ስምንት ቀን ይፈጃል። ከጫካ የመጣ ረጅም ግንድ በድሮው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ይተከላል። የሰማዩ ንጉሥ ኢንድራ ለእናቱ አበባ ሊሰርቅ ወርዶ በገበሬዎች ተያዘ ይላል ታሪኩ። እናቱ ወርዳ ልጄን ልቀቁልኝ አለች። በምላሹ ለሰብሉ የሚሆን ጭጋግና ጤዛ ልሰጣችሁ፣ በዓመቱ የሞቱባችሁንም ወደ ሰማይ ልውሰድላችሁ ብላ ቃል ገባች። ስለዚህ በዚያ ዓመት ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች መብራት ይዘው አሮጌውን ከተማ ይዞራሉ። መሐል ከተማው በጭንብል ጨፋሪና በከበሮ ሲናወጥ ሐዘንተኛው በዳር በዳሩ ይሄዳል። ማንም ማንንም አይረብሽም።

በዚሁ በዓል ኩማሪ ትወጣለች። ስለ እሷ ሰምታችሁ ይሆናል፤ «ሕያዋ አምላክ» እየተባለች ብዙ ይጻፍባታል። ሕፃን ልጅ ናት። የምትመረጠው ሻክያ ከሚባሉ የቡድሂስት ቤተሰቦች ነው። የምታድርባት ግን ታሌጁ የምትባል የሂንዱ አምላክ ናት፣ የነገሥታቱ ጠባቂ። የሂንዱ ንጉሥ በየዓመቱ ከቡድሂስት ሕፃን እግር ሥር ተንበርክኮ ግንባሩ ላይ ቀይ ቲካ፣ የቡራኬ ምልክት፣ ይቀበል ነበር። ያንን ካላገኘ ንግሥናው ይሸበራል ተብሎ ይታመናል። በ1768 ፕሪትቪ ናራያን ሻህ ካትማንዱን የያዘው በዚሁ በዓል ቀን ነበር። ሕዝቡ እያከበረ ሳለ ገብቶ ራሱ ከኩማሪ ቲካ ተቀበለ ይባላል። ዘውዱ በ2008 ወረደ። አገሪቱ ሪፐብሊክ ሆነች። በዓሉ ግን አልቀረም፤ ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል።

ስለ ኩማሪ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ልጅቷ የወር አበባ እስክታይ ድረስ በአንድ ቤት ትኖራለች፣ እግሯ መሬት አይነካም፣ የምትወጣው በበዓል ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በድንገት ተራ ልጅ ትሆናለች። የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 የመማርና የጤና መብቷ መጠበቅ አለበት ብሎ ወስኗል። ዛሬ አስተማሪ ቤቷ ድረስ ይመጣል። ይሄ ውሳኔ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። የበዓሉን ታላቅነት ማክበርና ለአንዲት ሕፃን ማሰብ አይጣሉም።

ሁሉንም ነገር በማር አልቀባውም። ዳሻይንን እንውሰድ። አሥራ አምስት ቀን ነው። ገብስ በጨለማ ይበቅልና ቢጫ ቡቃያው፣ ጃማራ ይሉታል፣ በሽማግሌዎች እጅ በልጆች ጆሮ ላይ ይሰካል። ሩዝ፣ እርጎና ቀይ ዱቄት ተቀይጦ ግንባር ላይ ይለጠፋል። ፍየልና ጎሽ ይታረዳል። ልጆች በክር የታሰረ የወረቀት ካይት ያበርራሉ፣ በቀርከሃ ዥዋዥዌ ይጫወታሉ። በጣም የሚያምር የቤተሰብ በዓል ነው። ግን ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥቱም በዓል ነበር። ከ1990 በኋላ ብዙ ነባር ብሔረሰቦች፣ ቡድሂስቶችም ጭምር፣ ይሄ የእኛ አይደለም፣ የተጫነብን ነው ብለው አንቀበልም አሉ። አንዳንዶቹ ከናካቴው ተዉት። አንዳንዶቹ ዘመድ መጠየቁን ይዘው ቀዩን ቲካ በነጭ ቀየሩት። በጋራ የሚያከብሩት ሁሉ በእኩልነት የተያዘ አልነበረም። የሥራ ክፍፍሉም ቢሆን ከዘር ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከታች የተመደበው የሚሠራው ወዶ ብቻ አይደለም። ወጣቶቹ አሁን ይሄን በግልጽ እየተናገሩ ነው። መናገራቸውም ተገቢ ነው።

ዳሻይን ካለቀ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቲሃር የሚባለው በዓል ይመጣል። የመጀመሪያው ቀን ለቁራ ነው። ሁለተኛው ለውሻ። አዎ፣ ለውሻ። የመንገዱ ውሻ ሁሉ ሳይቀር በአንገቱ የአበባ ጉንጉን ይደረግለታል፣ በግንባሩ ቲካ ይደረግለታል፣ ጥሩ ምግብ ይቀርብለታል። ሦስተኛው ለላምና ለሀብት አምላክ ለላክሽሚ ነው፤ ማታ ከተማው በመብራት ይጥለቀለቃል። በአራተኛው ቀን ነዋሮች አዲስ ዓመታቸውን ያከብራሉ። ከ879 ጀምሮ የሚቆጠር የራሳቸው ዘመን አላቸው። በዚያ ምሽት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወለሉ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ክብ ምስል ይሥላል፣ እያንዳንዱም ሰው የራሱን አካል ያከብራል። ለሌሉትም ጭምር ይሣልላቸዋል፤ ዶሃ ላለው ልጅም ቦታ አለው። በአምስተኛው ቀን እህቶች ለወንድሞቻቸው ባለ ሰባት ቀለም ቲካ ያደርጋሉ፣ ዕድሜያቸው እንዲረዝም ይለምናሉ።

ከሸለቆው ወጥተን ወደ ሰሜን ከፍ ካልን ነገሩ ይለወጣል። ቴንግቦቼ የሚባለው ገዳም ኤቨረስት አጠገብ 3,867 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ሼርፓ የሚባሉት የተራራው ሕዝቦች በመከር ወራት ማኒ ሪምዱ የሚባለውን በዓል ያከብራሉ። መነኮሳቱ ጭንብል አድርገው ይጨፍራሉ፣ በቀለም አሸዋ ማንዳላ የሚባለውን ቅዱስ ሥዕል ሠርተው ሲያበቁ ያፈርሱታል። ይሄ ሙሉ በሙሉ የቲቤት ቡድሂዝም ነው፣ ሂንዱ አልተቀላቀለበትም። ሙክቲናት የሚባለው የተሳላሚዎች ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። ሙስታንግ ውስጥ 3,710 ሜትር ላይ 108 የውሃ አፎች አሉ፤ አጠገባቸው ከድንጋይ ሥር በተፈጥሮ ጋዝ የሚነድ ትንሽ እሳት አለ። ሂንዱው ከሕንድ ድረስ መጥቶ በበረዶው ውሃ ይታጠባል፤ ለእሱ የአምላኩ የቪሽኑ ቦታ ነው። ቦታውን የሚጠብቁት ግን የቡድሂስት መነኮሳይያት ናቸው። እዚህም ያው ነው፤ አንዱ ይሳለማል፣ ሌላው ይጠብቃል።

ከመጀመራችን በፊት በር ላይ አንዲት እህት መቼ ብሄድ ይሻላል ብላ ጠይቃኝ ነበር። የራቶ ማቺንድራናት የአሥራ ሁለት ዓመቱ ጉዞ የሚመጣው በ2027 ነው። በዓላቱ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ከሚያዝያ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ከቻልሽ ሠረገላው መሳብ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ቡንጋማቲ ግቢ። ያኔ ሕዝብ የለም፣ ካሜራም የለም። ባራሂዎቹ እንጨት ሲጠርቡ፣ ያንግዋሎቹ ማማው ላይ ሆነው ሐረግ ሲያጠብቁ ታያለሽ። ገመዱን መሳብ ከፈለግሽም ከየት መጣሽ ብሎ የሚከለክልሽ የለም።

አሁን መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ።